«ለጊዜው ፕሮሰሰሩን ቀይረው» የሚሉት ምክር

ዳንግላም ሆነ እንጅባራ፣ ኮምፒውተሩ የተንቀራፈፈበት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት የማያጣው ምክር አለ፦ «አዲስ እስክትገዛ ለጊዜው ፕሮሰሰሩን ከአይ 3 ወደ አይ 7 ቀይረው፤ ይበርልሃል»። ምክሩ ከቅን ልብ ሊመጣ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ግን ስሕተት ነው፤ የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለውም መካሪው አይደለም።

እስኪ የቤቱን ሥራ እንይ። በፓወር ግዕዝ ማመልከቻና የኪራይ ውል ይተየባል፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ይስተካከላል፣ መታወቂያ ስካን ይደረጋል፣ ጉርድ ፎቶ ይታተማል። ለዚህ ሁሉ የ4ኛ ጄኔሬሽን አይ 3 ይበቃል። ማሽኑን የሚያስቃስተው አሮጌው ሃርድ ዲስክ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ አንዲት መረጃ ካለችበት ለመድረስ 10 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ ኤስኤስዲ ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያመጣታል። ዊንዶውስ ሲነሳ ይህ ፍለጋ በሺዎች ጊዜ ይደጋገማል። ማረጋገጫው ምንም አያስወጣም፤ ኮምፒውተሩ ስታክ ሲያደርግ ታስክ ማናጀርን ከፍቶ ማየት ነው። ዲስኩ 100 በመቶ፣ ሲፒዩው 20 ወይም 30 በመቶ ካሳየ፣ ፕሮሰሰር መቀየር እግሩን ያመመውን ሰው እጁን እንደማሸት ነው።

ትልቁ ችግር ግን «ለጊዜው» በሚለው ቃል ውስጥ ተደብቋል። ጊዜያዊ ነገር ወደ ሌላ ማሻገር አለበት፤ ይህ ግን የትም አያሻግርም። ኢንቴል ሶኬቱን በየሁለት ጄኔሬሽኑ ገደማ ሲቀያይር ኖሯል። የ4ኛው ጄኔሬሽን ፕሮሰሰር በ6ኛው ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። የ6ኛው ማዘርቦርድ 7ኛውን ተቀብሎ እዚያው ያበቃል፤ 8ኛው ሶኬቱ ያው 1151 እየተባለ በአሮጌው ቦርድ ላይ አይሠራም። ስለዚህ ዛሬ የተገዛው አይ 7 ነገ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። (የኤኤምዲ ኤኤም4 ቦርድ ያለው ሰው ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ሶኬት ብዙ ትውልድ ተሸክሟል።) ላፕቶፕ ያለው ተማሪማ ጭራሽ አይከራከር፤ ከ5ኛው ጄኔሬሽን ወዲህ ያለው የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰር ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው።

ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በስተቀር ከ8ኛው ጄኔሬሽን በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም። የ4ኛው ጄኔሬሽን አይ 7 እንደ አይ 3ቱ ሁሉ ከደጅ ቀርቷል ማለት ነው። «በጓሮ በር እንጭንልሃለን» የሚሉ ጥገና ቤቶች አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ይጫናል። የጓሮው በር ግን ለአይ 3ም ክፍት ነው!

«ታዲያ ሙሉ ኮምፒውተር መግዣ የሌለው ምን ያድርግ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዓመቱ ከ130 ብር አልፏል፤ የኮምፒውተር ዕቃም በዶላር የሚመጣ ነው። ነገር ግን ሁለት ጊዜ መግዛት የማይችለው ይኸው አቅም ያነሰው ሰው ነው። ፕሮሰሰሩ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ መጥቶ አልሠራም ቢል ማን ይመልስለታል? ያውም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ መንገድ በተደጋጋሚ ሲዘጋ በኖረበት አካባቢ። ኤስኤስዲ ይግዛ፤ ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ 8 ያድርገው። ኤስኤስዲው ነገ ወደሚገዛው ኮምፒውተር ይሻገራል። የተረፈችውን ብር ለዚያ ለ8ኛው ጄኔሬሽን ያስቀምጥ፤ ወይም መብራት እየጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ ለሚበላበት ቤት ዩፒኤስ ይግዛባት።

አንድ ሰው ብቻ ከዚህ ክርክር ነጻ ይውጣ፦ ቪዲዮ ቤት ያለው። የጥር ሰርግና የጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል ተቀርጾ ሲያበቃ፣ ኤዲት ተደርጎ እስኪወጣ ማሽኑ ሲያድር ፕሮሰሰሩ በእርግጥ 100 በመቶ ይሠራል። የዴስክቶፑ አይ 3 ሁለት ኮር፣ አይ 7ቱ አራት ኮር አለው፤ ልዩነቱ በሰዓት የሚቆጠር ነው። እሱም ቢሆን ቦርዱ እንደሚቀበለው፣ ማቀዝቀዣውም ከ54 ዋት ወደ 84 ዋት ሲያድግ እንደሚችለው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ኤስኤስዲ ካስገባ በኋላ፣ ጥር ሳይገባ።