የበጎ አድራጎት ሆስፒታል ሥራው በሩ ላይ ያበቃል?

እስቲ ፊስቱላን እንውሰድ። ልጅቷ ሰውነቷ ሳይጠና ተዳረች። ምጥ ሲይዛት ሁለት ሦስት ቀን እቤት ቆየች። የጽንሱ ጭንቅላት ዳሌዋ ውስጥ ተቀርቅሮ የሽንት ፊኛዋን ይጫነዋል፤ ደም የማይደርሰው ሥጋ ይሞትና ቀዳዳ ይፈጠራል። በቃሬዛ ተይዛ መኪና መንገድ እስክትደርስ አብዛኛውን ጊዜ ጽንሱ ሞቷል። እሷም ከዚያ በኋላ ሽንቷን መቆጣጠር አትችልም። ስንቷን ባሏ ትቷታል፣ ስንቷ ከሰው ተገልላ ጓሮ ጎጆ ተቀልሶላታል።

ካርዷ ላይ የሚጻፈው "የተራዘመ ምጥ" ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ያሳመማት ያለ ዕድሜ ጋብቻው፣ የመንገዱ ርቀት፣ አዋላጅ አለመኖሩና "ጤና ጣቢያ ውሰዱኝ" ብትል ወሳኟ እሷ አለመሆኗ ነው። እነዚህን ደግሞ በመርፌና በክር መስፋት አይቻልም።

ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ የመጡት የአዋላጆች ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ፊስቱላ የያዛቸውን ሴቶች ሲያዩ ወደ ቀዶ ሕክምናው ገቡ፤ በ1974 ሆስፒታሉን ከፈቱ። ሕክምናው በነጻ ነው። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ማን ይወቅሳቸው ነበር? ግን ሙሉ በሙሉ መዳን ላልቻሉት ደስታ መንደር ተሠራ። በ2007 ደግሞ የአዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ። ከገጠር ሴት ልጆችን ተቀብሎ አራት ዓመት ያስተምርና ወደመጡበት አካባቢ ይመልሳቸዋል። ለኔ ትልቁ ነገር ይኼ መመለሱ ነው። ከከተማ የተመደበች ባለሙያ ብዙ ጊዜ ሻንጣዋን ሳትፈታ ዝውውር ትጠይቃለች (አልፈርድባትም)። የአካባቢው ልጅ ግን ቋንቋውንም፣ አማትየዋን እንዴት ማሳመን እንደሚቻልም ታውቃለች።

"መንገድና ትምህርት ቤት የመንግሥት ሥራ ነው፤ ሆስፒታል ያክም" የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ሆስፒታል ሁሉን ልሥራ ካለ የቀዶ ሕክምናው ወረፋ ይረዝማል፤ መንግሥትም "እነሱ ይዘውታል" ብሎ እጁን ያጣጥፋል። መንገድ ይጥረግ አላልኩም። ነገር ግን ሆስፒታሉ ሌላው የሌለው ነገር አለው፦ የታካሚዋን ታሪክ። ከየት ቀበሌ መጣች፣ በስንት ዓመቷ ተዳረች፣ ስንት ሰዓት በእግር ተጓዘች፣ ማን "ትቆይ" አለ? ከአንድ ወረዳ ተደጋግመው ሲመጡ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው። ይህ መረጃ ካርድ ክፍል አቧራ ከሚጠጣ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይድረስ፤ ሽማግሌዎቹም ይስሙት።

እኛ ለጋሾችም ከጥፋቱ ነጻ አይደለንም። ድና የሳቀች ሴት ፎቶ ኪሳችንን ይከፍታል። ጤና ጣቢያ በሰላም ወልዳ እቤቷ ገንፎ የምትበላዋ ግን ለማስታወቂያ አትሆንም። ስለዚህ ቀጣዩ የእርዳታ ጥሪ ስልካችሁ ላይ ሲመጣ፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት "ስንት አከማችሁ?" ብቻ አትበሉ። "ከየት ከየት መጡ? እዚያስ አዋላጅ አለ?" ብላችሁ ጠይቁ።