ልጅ ለአባቱ ሲሰጥ

የአንድን ሕዝብ ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው፤ ነገሥታቱ ካጻፉት ታሪክ ይልቅ አሮጊቶቹ እሳት ዳር ተቀምጠው የሚተርቱትን ምሳሌ ቢያዳምጥ ብዙ ያተርፋል። በዚህም ወር ልናነሣው የወደድነው የምሥራቅ አውሮፓ አይሁድ ይዲሽ በሚባለው ቋንቋቸው የሚተርቱትን ምሳሌ ነው። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ይዲሽ ከአንድ ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት በራይን ወንዝ ሸለቆ በሰፈሩት አይሁድ ዘንድ ተወልዶ፤ ኋላም ከእነርሱ ጋራ ወደ ፖላንድ፤ ወደ ሊትዌንያና ወደ ኡክራይን የተሰደደ ቋንቋ ነው። አካሉ ጀርመንኛ ነው፤ የሃይማኖቱና የትምህርቱ ቃል ከዕብራይስጥና ከአራማይክ የመጣ ነው፤ ከስላቭ ጎረቤቶቹም ብዙ ቃል ተበድሯል። የሚጻፈው በዕብራይስጥ ፊደል ነው። ተናጋሪዎቹ ዕብራይስጡን «የተቀደሰ ልሳን» ሲሉት፤ ይዲሹን «የእናት ልሳን» ይሉታል። ቅዳሴውን በግዕዝ ሰምቶ ቤቱ ሲገባ ከልጆቹ ጋራ በአማርኛ የሚጨዋወት አንባቢያችን ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

«ግማሽ እውነት ሙሉ ውሸት ነው» ይላሉ። በቋንቋቸው ሲነገር «አ ሃልበር ኤሜስ ኢዝ አ ጋንጸር ሊግን» ነው። ልብ ብሎ ለሚሰማው፤ በዚህች ዐጭር አነጋገር ውስጥ ውሸቱ ጀርመንኛ ሲሆን እውነቱ ግን ዕብራይስጥ ነው። «ኤሜስ» የተባለው የዕብራይስጡ «ኤሜት» ነውና፤ ሥሩም «አማን» እና «እምነት» ከሚሉት ከእኛ ቃላት ሥር ጋራ አንድ ነው። ሰዋስው ለተማረ ሰው ይህ በሩቅ አገር ዘመድ እንደ ማግኘት ነው።

ደግሞም «ዴር ሜንች ትራኽት ኡን ጎት ላኽት» ይላሉ፤ ሰው ያስባል፤ እግዚአብሔር ይሥቃል ማለት ነው። ቤቱን እየመታ መሄዱን በጆሮ መስማት ይቻላል። ዳዊት የሚደግሙ አንባቢዎቻችን በሁለተኛው መዝሙር ይህን ሣቅ ያውቁታል። ነገር ግን በመዝሙሩ የሚሣቅባቸው በአምላክ ላይ የተማከሩ ነገሥታት ናቸው፤ በምሳሌው ግን የሚሣቅበት ነገ ገበያ እወጣለሁ፤ ከነገ ወዲያ ልጄን እድራለሁ ብሎ ያሰበ ተራ ሰው ነው። ቅዱሱን ቃል ከዙፋን ፊት አውርዶ ወደ ወጥ ቤት ማስገባት የዚህ ሕዝብ ምሳሌ ልማዱ ነው።

ቀልዱም ቢሆን ቀላል አይደለም። «ድኻ ዶሮ ሲበላ ከታየ፤ ወይ እሱ ታሟል፤ ወይ ዶሮዋ ታማለች» ይላሉ። ለድኻ ቤት ዶሮ የሰንበትና የበዓል ምግብ፤ መረቋም የበሽተኛ መድኀኒት ነበረና፤ በአዘቦት ቀን ዶሮ ያረደ ድኻ ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም። በዚህ ላይ የሣቀ ሰው ስንት ጊዜ እንደ ተራበ ይታወቀዋል። «በአንድ መቀመጫ በሁለት ሰርግ አይጨፈርም» የሚልም አላቸው፤ የተነገረበት ቃል ከመቀመጫ ይልቅ ገልጦ የሚናገር ነው፤ ይህ ግን በቤተ ሰብ ፊት የሚነበብ መጽሔት ስለ ሆነ በዚሁ አልፈነዋል።

ይህን ሁሉ ከአፍ ወደ መጽሐፍ ለማዛወር የደከሙ ሰዎች ነበሩ። በዋርሶ የኖረው ኢግናጽ በርንሽታይን ወደ 4000 የሚጠጋ ምሳሌና አነጋገር ሰብስቦ በ1908 ካሳተመ በኋላ፤ በ1909 ሞተ። በ1925 የተመሠረተውና በቪልና የተቀመጠው ዪቮ የተባለው የጥናት ማኅበርም በየከተማውና በየመንደሩ ያሉ ወዳጆቹ የሰሙትን ምሳሌ እየጻፉ እንዲልኩለት አደረገ። ድካማቸው ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ነበር የታወቀው በኋላ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ይዲሽ የሚናገሩ ሰዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፤ ናዚዎች ከፈጁአቸው 6 ሚሊዮን ከሚያህሉት አይሁድ አብዛኞቹ የዚህ ቋንቋ ልጆች ናቸው። ዛሬ ሕፃናት አፋቸውን በይዲሽ የሚፈቱት፤ በብሩክሊን፤ በኢየሩሳሌም፤ በአንትወርፕና በመሳሰሉት ከተሞች በሚኖሩት ሐሲዲም በተባሉት አጥባቂዎች ቤት ነው።

ከምሳሌዎቹ ሁሉ እኛን ያቆመን አንድ አለ፤ እርሱም «አባት ለልጁ ሲሰጥ ሁለቱም ይሥቃሉ፤ ልጅ ለአባቱ ሲሰጥ ሁለቱም ያለቅሳሉ» የሚለው ነው።

አባትየው የሚያለቅሰው ስጦታው አንሶት አይደለም። ሲሰጥ የኖረ እጁ ለመቀበል ሲዘረጋ ስላየው ነው። ልጅየውም የሚያለቅሰው ገንዘቡ ስለ ጐደለበት አይደለም (እንዲህ ያለ ልጅ አይታጣም፤ እርሱን ግን ለጊዜው እንተወው)፤ እንደ ግንብ ይቈጥረው የነበረው አባቱ መድከሙን በዚያች ሰዓት ስለሚረዳ ነው። ወላጆችን ማክበር ትእዛዝ መሆኑን አይሁድም እኛም ከአንዱ ከሙሴ ጽላት ተምረናል። ትእዛዙ ልጁን ስጥ ብሎ ያስገድደዋል፤ ምሳሌው ደግሞ የተቀባዩ ልብ ምን እንደሚሆን ይነግረዋል። በጎረቤት ፊት ቈጥሮ የሚሰጥ ልጅ ትእዛዙን ፈጽሞ ምሳሌውን ያልሰማ ነው። እናቱን ጠርቶ በጓዳ የሚያስጨብጣት ሌላ ነው።

በዚሁ ነገር ሌላም ጨካኝ ምሳሌ አላቸው፤ «አንድ አባት ዐሥር ልጆች ያኖራል፤ ዐሥር ልጆች ግን አንድ አባት ማኖር አይችሉም» ይላል። ይህንኑ በተረት አስፋፍታ የጻፈች ግሊክል የምትባል የሃምቡርግ ሴት ነበረች። ባልዋ በ1689 ስለ ሞተባት፤ ኀዘንዋን ለማስታገሥ በ1691 የሕይወትዋን ታሪክ ለልጆችዋ በይዲሽ መጻፍ ጀመረች። በመጽሐፏም መጀመሪያ አካባቢ የአንድ ወፍ ተረት አለ።

ወፉ ሦስት ጫጩቶቹን ነፋስ ከሚያናውጠው ባሕር ማዶ ለማሻገር አንዱን በጥፍሩ ይዞ በረረ። መካከል ሲደርስም ስለ አንተ ምን ያህል እንደምደክም ታያለህ፤ እኔ ሳረጅ አንተስ ትጦረኛለህን? ብሎ ጠየቀው። ጫጩቱ አሻግረኝ እንጂ የምትለኝን ሁሉ አደርጋለሁ አለ። አባትየው ውሸታም ብሎ ወደ ባሕር ጣለው። ሁለተኛውም እንደዚያው መለሰ፤ እንደዚያውም ሰጠመ። ሦስተኛው ግን፤ ውለታህን አለመመለስ ነውር መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን በርግጥ ልምልልህ አልችልም፤ ልጆች ስወልድ አንተ ለእኔ ያደረግኸውን ለእነርሱ አደርጋለሁ ብሎ ተናገረ። እርሱን አሻገረው።

እኛ ይህን ተረት ሙሉ በሙሉ አንወደውም። በባሕር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጠየቅ ልጅ እሺ ከማለት በቀር ምን መልስ አለው? ወላጅም ልጁን በጭንቅ ጊዜ መሐላ ሊያስገባው አይገባም። ሆኖም ሦስተኛው ጫጩት እውነቱን ሳይከፍል መናገሩን ማንም አይክደውም፤ ግሊክልም ይህን ለገዛ ልጆችዋ ስትጽፍ የምትለምናቸው ነገር እንደሌለ ማስታወቋ ይመስለናል።

የእርስዋም መጨረሻ እንዲህ ሆነ። በ1700 ሜጽ በምትባለው ከተማ ለሚኖር ባለጸጋ ነጋዴ ዳግመኛ ተዳረች፤ እርሱም በ1702 ከሰረ፤ የእርስዋም ገንዘብ አብሮ ጠፋ። በ1712 ሲሞት ድኻ መበለት ሆና ቀረች። በዚያው ከተማ የምትኖረው ልጅዋ አስቴርና አማችዋ ከእኛ ጋራ ኑሪ ብለው ቢለምኗትም፤ በልጆችዋ ላይ ሸክም መሆንን ስለ ፈራች ብዙ ጊዜ እንቢ አለች። በ1715 ግን እሺ ብላ ገባች። ከዚያም ወዲህ በጻፈችው ክፍል፤ ልጅዋና አማችዋ እንደሚያከብሯት፤ ከጸሎት ቤት ዘግይታ ስትመለስም ሦስት አራት ዐይነት መልካም ምግብ ተቀምጦላት እንደምታገኝ ትናገራለች። እስከ 1724 ድረስ ኖረች።