«አላምናቸውም» ሲል ምን ማለቱ ነው?

ጋምቤላ ያለውን የእህቴን ልጅ የእንግሊዝኛ ደብተር ሳገላብጥ አንድ ዓረፍተ ነገር አስደነገጠኝ። «አይ ዲስትረስት ማይ ግራንድፋዘር» ይላል። የአባቱ አባት እንግሊዝኛ ያነባሉ፤ ለካ ከእኔ ቀድመው አይተውት አኩርፈዋል።

ነገሩ የመጣው ከጨዋታ ነው። በልጅነታቸው፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም መርከብ እየመጣ ቡና ጭኖ ይመለስ እንደነበር አጫወቱት። ልጁ የሚያውቀው በበጋ አሸዋው የሚታየውን ባሮ ነው፤ እንዴት ይመን? ታሪኩ ግን እውነት ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1902) ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ ፈቅደው ነበር። ውሉ ያበቃው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ነው።

ልጁ የተሳሳተው በአማርኛ አስቦ ስለጻፈ ነው። እኛ ወሬውንም ሰውየውንም በአንድ «አላምንም» እንጨርሳለን። በእንግሊዝኛ ግን የተነገረን ነገር እውነት ካልመሰለን «አይ ዶንት ቢሊቭ» እንላለን። «ዲስትረስት» የሰውየውን ታማኝነት ይነካል፤ ያታልለኛል ወይም ይጎዳኛል ብሎ መጠራጠር ነው። አያት ቢያኮርፉ አይፈረድባቸውም!

«ሚስትረስት» የሚባልም አለ። ብዙዎች «ዲስትረስት»ን ምክንያቱ ለታወቀ፣ «ሚስትረስት»ን በደፈናው ለሚሰማ ጥርጣሬ ይመርጣሉ። መዝገበ ቃላት ግን ብዙ ጊዜ አንዱን በሌላው ስለሚፈቱት በዚህ ልጆቹን ባናስጨንቅ ይሻላል።

ይልቅ ሰዋስዉን እንይላቸው። «በእሱ እምነት የለኝም» ከሚለው አማርኛ ተነስተው «ዲስትረስት ኢን» ይላሉ። ግስ ሲሆን መስተዋድድ አይፈልግም፤ ስም ሲሆን ደግሞ የሚከተለው «ኦፍ» ነው። ለምሳሌ «ማይ ግራንድማዘር ዲስትረስትስ ዘ ሪቨር» ቢል ትክክል ነው። ባሮ ውስጥ አዞ እንዳለ የሚያውቁ አያት ወንዙን አያምኑትም።

ልጁ ዓረፍተ ነገሩን ሰርዞ «አይ ዲድንት ቢሊቭ ዘ ስቶሪ» ብሎ ጻፈና ደብተሩን ለአያቱ ወሰደላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት።

«ዲድንት ነው ወይስ ዶንት?» አሉት።