ቃል ቢታሰር ልብ አይታሰርም

በባቲ የሰኞ ገበያ የዋለ ሰው አንደበት ምን ያህል ሀብት እንደ ሆነ ያለ አስተማሪ ይረዳል፤ ከቆላው ግመሉን እየነዳ የሚመጣው አፋር፣ ከደጋው እህሉን ጭኖ የሚወርደው አማራና በመካከል ያለው ኦሮሞ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ እየተዋሰ ሲከራከርና ሲስማማ ይውላልና። በዚህ ገበያ ሦስት ቋንቋ ሲያስተናግድ የኖረ ነጋዴ፣ ስትሮክ በሚባለው የአንጎል ደም ሥር ሕመም ድንገት ተመትቶ ቀኝ እጁ ሲዝልና አንደበቱ ሲታሰር፣ ዘመድ «ጂን መታው» ብሎ ያለቅሳል፤ ጠያቂውም በራስጌው ተቀምጦ፣ እርሱ እንደሌለ ያህል ስለ እርሱ ያወራል።

የቀደሙ ሊቃውንት ነፍስን ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ሲሉ ልብን፣ ቃልንና እስትንፋስን ለይተው መቁጠራቸው ለዚህ ሕመም ትልቅ ትምህርት ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1861 «ታን» ከምትል ድምፅ በቀር መናገር የተሳነውን፣ የሚነገረውን ግን አብዛኛውን ያስተውል የነበረውን ሰው ከሞተ በኋላ አንጎሉን መርምሮ፣ ጉዳቱን በግራው ክፍል ከግንባር በኩል አገኘው፤ የተጐዳው የቃል መንበር እንጂ ልቡና አልነበረም።

ከቃል ይልቅ የሚያስቸኩለው ግን እስትንፋስ ነው። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መዋጥ ይቸግራቸዋል፤ እኛም የተኛውን በሽተኛ «ጉሮሮው ይራስ» ብለን ውኃ ወይም አጥሚት ስናጐርሰው፣ የዛለው ጉሮሮ የአየሩን ቧንቧ በጊዜው ስለማይዘጋው መጠጡ ሳንባ ይገባል፤ አንዳንዴም ሳያስለው ስለሚወርድ ትኩሳቱ እስኪነሣ ድረስ የሚጠረጥር የለም። መመርመሪያው ግን ውድ መሣሪያ አይሻም፦ የሠለጠነ ነርስ በሽተኛውን ቀጥ አድርጎ ያስቀምጣል፣ ጥቂት ውኃ በማንኪያ ይሰጠዋል፣ ማሳሉንና ድምፁ እንደ ረጠበ መሆኑን ያደምጣል። በአውስትራልያ በ19 የስትሮክ ክፍሎች ትኩሳትን፣ ስኳርንና መዋጥን እንዲህ የሚጠብቅ የነርሶች ሥርዓት ተፈትኖ፣ በ2011 እንደ ታተመው፣ በ90ኛው ቀን የሞቱት ወይም የሰው እጅ ጠባቂ የሆኑት በወትሮው ሕክምና ከመቶ 58፣ በዚህ ሥርዓት ግን 42 ሆነው ተገኙ።

ወደ ቃል ስንመለስ፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ቋንቋዎቹ ሁልጊዜ እኩል አይመለሱለትም፤ በኦሮምኛ አፉን የፈታ በአማርኛ ብቻ ተጠይቆ ዝም ቢል፣ ዝምታው የሕመሙ ይሁን የጠያቂው አይለይም። ደግሞም መናገር ያቃተው ሰው «ቢስሚላሂ» ማለት ወይም ማዜም የሚቻለው ጊዜ አለ፤ በቦስተን ያሉ ተመራማሪዎች በ1973 ይህን ተመልክተው ቃልን በዜማ እየመሩ የሚያስተምሩበትን መንገድ አሳወቁ። መንገዱ ለሁሉ ባይሠራም፣ ከአራቱ ቅኝቶች አንዱን በስሟ ያስጠራች ባቲ እንዲህ ላለው ጥናት የምትርቅ አገር አይደለችም።

ስለዚህ ከከሚሴ እስከ ባቲ ባሉ የሕክምና ቤቶቻችን ሁለት ነገር ሥርዓት ይሁን እላለሁ፦ ጉሮሮው ሳይመረመር ለስትሮክ በሽተኛ ጉንጭ ውኃ እንኳ አይሰጥ፤ አንደበቱም አፉን በፈታበት ቋንቋ ሳይጠየቅ «አእምሮውን ስቷል» ተብሎ አይጻፍበት። ጠያቂም ሰላምታውን ለዘመድ ሳይሆን በቀጥታ ለበሽተኛው ይስጥ፤ ይሰማዋልና።