አማካሪ ወይስ ተቆጣጣሪ? ከክፍል የወጡ የኬንያ መምህራን ፈተና

ጎበዝ መምህርን ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አንሥቶ የሌሎች መምህራን አማካሪ ማድረግ ያዋጣል? አንድ ክፍል መምህሩን ያጣል፤ በአንጻሩ በርካታ ክፍሎች የተሻለ ትምህርት ሊያገኙ ይችላሉ። ኬንያ ይህን ስሌት በሀገር አቀፍ ደረጃ ሞክራዋለች።

የሀገሪቱ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካና በብሪታንያ መንግሥታት ድጋፍ «ቱሶሜ» የተሰኘ የንባብ ፕሮግራም ጀመረ። ቃሉ በስዋሂሊ «እናንብብ» ማለት ነው። ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች ባሻገር በናይሮቢ የድሆች ሰፈሮች የሚገኙ ዝቅተኛ ክፍያ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶችም ታቀፉ። የታችኛዎቹ ክፍሎች ተማሪዎች መጻሕፍት፣ መምህራኑም ዝርዝር መምሪያ አገኙ።

መጽሐፍ ማደል ብቻውን ግን የማስተማር ልማድን አይለውጥም። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይህ ኃላፊነት የተጣለው ቀድሞ መምህራን በነበሩት የሥርዓተ ትምህርት ድጋፍ ኦፊሰሮች ላይ ነበር። ኦፊሰሩ ታብሌቱን ይዞ ከክፍሉ ኋላ ይቀመጥ፣ ትምህርቱን ይከታተል፣ ጥቂት ልጆችን ያስነብብ፤ ከዚያም ከመምህሩ ጋር ይወያይ ነበር። ጉብኝቱ በታብሌቱ ይመዘገብ ስለነበር የትራንስፖርት ወጪው በዚያው መሠረት ይተካለት ነበር። የቀላል አሠራር ለውጥ ቢመስልም ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፤ የመጓጓዣ ገንዘብ የሌለው አማካሪ ከቢሮው አይወጣምና። በፕሮግራሙ ላይ የተደረጉ ግምገማዎች የተማሪዎች የንባብ ችሎታ መሻሻሉን አሳይተዋል።

ይሁንና ያልተፈታ ቅራኔ አለ። ኦፊሰሮቹን የሚያሠማራው መምህራንን የሚቀጥረው፣ የሚያሳድገውና በዲሲፕሊን የሚጠይቀው የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን ነው። ትናንት የሥራ ባልደረባ የነበረው ሰው ዛሬ ታብሌት ይዞ ሲመጣ፣ መምህሩ «ሊረዳኝ ነው ወይስ ሊከሰኝ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ድክመቱን የሚደብቅ መምህር ደግሞ ሊታገዝ አይችልም።

ጥያቄው ለኢትዮጵያውያን መምህራን እንግዳ አይደለም። በየጉድኝት ማዕከሉ የተመደቡ ሱፐርቫይዘሮችም ትምህርት ቤቶችን የመደገፍና ለወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሪፖርት የማቅረብ ድርብ ኃላፊነት አለባቸው። ሪፖርቱ ቀን አለው፤ ድጋፉ የለውም። ስለዚህ ጊዜ ሲያጥር የሚቀረው ድጋፉ ነው።

በእነዚህ ላይ የገንዘብ ጉዳይ ተጨምሯል። አሜሪካ ዩኤስኤአይዲን እ.ኤ.አ. በ2025 ከዘጋች ወዲህ በውጭ ርዳታ የሚካሄዱ የትምህርት ፕሮግራሞች ብርቱ ፈተና ላይ ወድቀዋል። ኬንያ ኦፊሰሮቿን በመንግሥት ደመወዝ ማስተዳደሯ ብልኅነት ነው፤ የሥራ መደቡ ከለጋሾች ጋር አብሮ አይከስምም። ነገር ግን ደመወዝ ብቻውን አማካሪውን ከትምህርት ቤት ደጃፍ አያደርሰውም።

ስለዚህ ጥሩ መምህርን ከክፍሉ የሚያወጣ መንግሥት ሁለት ነገሮችን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል፤ አማካሪው የሚጓዝበትን በጀትና የሚታመንበትን ነፃነት። ሁለቱ ከሌሉ አንድ ክፍል ጎበዝ መምህሩን ያጣል፣ ሌሎቹም የሚያገኙት ነገር አይኖርም።