የመንግሥት ዕዳና የቦንድ ዋጋ

የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ይህን ዕትም የመንግሥት ዕዳ ሥጋት በቦንድ ገበያ ላይ ለሚያሳድረው ተጽዕኖ ሰጥቶታል። ቦንድ ተበዳሪው በየጊዜው ወለድ እየከፈለ ዋናውን ገንዘብ በተወሰነ ቀን ለመመለስ ግዴታ የሚገባበት፣ ከእጅ ወደ እጅ ሊሸጥ የሚችል የዕዳ ሰነድ ነው። ኢትዮጵያ በኅዳር 2007 ዓ.ም. ለውጭ ባለሀብቶች የሸጠችው የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ (ስሙ ቢያሳስትም በዩሮ አልተሸጠም) በዓመት 6.625 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት ሲሆን፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ሊከፈል ይገባው የነበረው 33 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የግማሽ ዓመት ወለድ ሳይከፈል የ14 ቀኑ የእፎይታ ጊዜ አለፈ፤ መንግሥትም ያልከፈለው አበዳሪዎቹን ሁሉ በእኩል ዓይን ለማየት መሆኑን ገለጸ።

ሥጋት ግን ክፍያ እስኪቀር አይጠብቅም። በዓመት 66.25 ዶላር የሚያስገኝ የ1,000 ዶላር ሰነድ ባለቤቱ ፈርቶ በ700 ዶላር ቢሸጠው፣ ወለዱ ለአዲሱ ገዢ ካወጣው ገንዘብ አንጻር ወደ 9.5 በመቶ ይጠጋል፤ መንግሥት በዚያው ሰሞን አዲስ ቦንድ ልሽጥ ቢል ገበያው ከዚህ ባነሰ ወለድ ለማበደር እሺ ማለቱ ያጠራጥራል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ጉዳዩ የባንክ ሹማምንት ብቻ መሆኑ ቀርቷል። አንባቢው በተከታዮቹ ገጾች የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ ከዋጋ ንረት ጋር እንዴት እንደሚነጻጸር፣ ሻጩ መንግሥት ስለሆነ ብቻ ሰነዱን ያለጥያቄ መቀበልም ለምን እንደማያዋጣ ያገኛል።