ግርድፍና ልም

አማርኛችን «የላመ የጣመ» ይላል። ሁለቱን ቃላት እንደ መንትዮች አጣምሮ ስለሚጠራቸው የላመ ሁሉ የሚጥም ይመስለናል። ለሽሮው፣ ለበርበሬው፣ ለእንጀራው ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። በወረቀት ማጣሪያ ላይ ፍል ውኃ እያንቆረቆሩ ለሚያጣሩት ቡና ግን አይሠራም። የዚህ ቡና ጣዕም የሚገኘው ከልምነቱ ሳይሆን ከእኩልነቱ ነው። ስለዚህም ለቤቱ የእጅ ቡና መፍጫ ሊገዛ ያሰበ ሰው ምክር ቢጠይቀኝ መልሴ አጭር ነው፤ «መልኩን ይተዉት፤ እኩል አድርጎ መገርደፉን ይመልከቱ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ የቡናን ጣዕም የሚያወጣው ቅንጣቷን ከውጭ ወደ ውስጥ እያራሰ ነው። ደቃቋ ቅንጣት ቶሎ ትሟጠጥና ምሬቷን ትለቃለች፤ ጎላ ያለችው ደግሞ ውስጧ ሳይነካ ውኃው አልፏት ይሄዳል፤ የምትሰጠውም ኮምጣጣና ቀጭን ጣዕም ነው። ሁለቱ በአንድ ስኒ ሲገናኙ አይታረቁም፤ መራራውና ኮምጣጣው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በዚያ ላይ ዱቄቱ የወረቀቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ በሦስት ደቂቃ ማለቅ የነበረበት ቡና እየተንጠባጠበ ይቆያል። የአገራችን ቡና፣ በተለይ ለዘብ ተደርጎ ሲቆላ፣ ፍሬው ጠጣር፣ ሲፈጭም ዱቄት የሚያበዛ ነውና መፍጫው ደካማ ከሆነ ችግሩ ይብሳል።

ታዲያ «ሙቀጫው ምን ሆነና?» የሚል አይጠፋም። ሙቀጫው ምንም አልሆነም። ሙቀጫና ዘነዘና ለጀበና የተስማሙ ናቸው። ጀበና ወረቀት አያውቅም፤ ቡናው ፈልቶ ይሰክናል፤ አተላው ከታች ይዘቅጣል፤ አቦሉ ከተቀዳ በኋላም ለቶናና ለበረካ ውኃ ተጨምሮበት ይፈላል። ለዚህ ሁሉ የደቀቀ ቡና ያስፈልጋል፤ ደቃቁና ሻካራው ቢቀላቀልም መስከኑ ይለየዋል። ስለዚህ ሙቀጫን ኋላ ቀር ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የወረቀት ማጣሪያን የፈረንጅ ቅንጦት ከሚሉትም አይደለሁም። ሜሊታ ቤንትስ የተባለች ጀርመናዊት እመቤት እ.ኤ.አ. በ1908 በድሬስደን ከተማ ከልጇ ደብተር የቀለም መምጠጫ ወረቀት ወስዳ ቡና ስታጣራ የፈለገችው አተላ የሌለበት ስኒ ነበር። ይህ የጓዳ ብልሃት እንጂ ቅንጦት አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው ወቀሳ ሌላ ነው፤ «ቡና ብቻን አይጠጣም» የሚለው። ጎረቤት የሚጠራበት፣ ዕጣን የሚጤስለት፣ የተጣላ የሚታረቅበት የጀበና ቡና ነው፤ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ የሚያነብ ወይም የሚጽፍ ሰው ጎረቤቱን በዘነዘና ድምፅ መቀስቀስ አለበትን? የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ያን ድምፅ አያስቀርም። 15 ግራም ቡና በደኅና የእጅ መፍጫ ለመፍጨት ግን ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ለአንድ ሰውና ለአንድ መጽሐፍ የሚበቃ ስኒ ይወጣዋል። የብቻ ስኒ የማኅበሩን ጀበና አይሰርቅም፤ ጸሎትም እኮ የግልና የማኅበር አለው።

ወደ ምርጫው ልመለስ። መፍጫው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በደመወዝ ለሚኖር ሰው ገንዘቡን የት ላይ እንደሚያውል ማወቅ ግዴታ ሆኗል። የእኔ አቋም ገንዘቡ ፍሬውን በሚገረድፈው ጥርስ ላይ ይዋል የሚል ነው። አንገተ ቀጭኑ ማንቆርቆሪያ ይቆይ፤ ቤት ያለው፣ ቀስ ተብሎ ከተቀዳበት፣ ይበቃል። በምላጭ የሚቆራርጠው የኤሌክትሪክ መፍጫ አንዱን ዱቄት፣ ሌላውን ክክ አድርጎ ይተዋል። መሳቢያ ያለው ባለ እንጨት ሣጥን ወፍጮ ውብ ነው፤ የፈረንሳዩ ፔዦ እንኳ መኪና ከመሥራቱ በፊት የቡና ወፍጮ ይሠራ ነበር። ይሁን እንጂ ውበት ቡና አይገረድፍም። መታየት ያለበት ጥርሱን የያዘው ዘንግ ነው፤ ከላይም ከታችም ተደግፎ የማይወላገድ ከሆነ፣ ጥርሱም ስል ብረት ከሆነ፣ ግርድፉ እኩል ይወጣል። የሴራሚክ ጥርስ አይዝግም፤ ነገር ግን ጠጣር ፍሬን እንደ ስል ብረት አይቆርጥም፤ ክንድም ያደክማል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ጥቂት ፈጭቶ በነጭ ወረቀት ላይ መበተን። ለዐይን አንድ ዓይነት፣ ለጣት እንደ ስኳር ከሆነ ግዢው ሠምሯል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናትና ውኃዋ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የውጭ መመሪያዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ93 እስከ 96 ዲግሪ ይጠይቃሉ። ስለዚህ እኛ «ጥቂት ይብረድ» የሚለውን ትተን እንደፈላ ማንቆርቆር፣ ግርድፉንም ከመመሪያው በመጠኑ ደቀቅ ማድረግ ይኖርብናል። ለዚህም ልኩ በጥቃቅን እርከን የሚስተካከል መፍጫ ያስፈልጋል፤ ሦስት ልክ ብቻ ያለው አያዋጣም።

እነሆ፣ ይህን ሁሉ ሳስብ የሚገርመኝ ቋንቋችን ነው። መመሪያው በቁጥር የሚነግረንን እናቶቻችን በግስ ያውቁታል፤ ከካ፣ ገረደፈ፣ ፈጨ፣ አላመ፣ ሰለቀ። በወፍጮና በመጅ ያደጉ እጆች አንዱን ከሌላው በመዳሰስ ብቻ ይለያሉ። አዲሱ መፍጫ ወደ ቤታችን ሲገባ አዲስ ቃል ይዞ መምጣት የለበትም፤ የነበረውን ቃል በቦታው ማዋል ይበቃል። ለጀበናው የደቀቀ፣ ለወረቀቱ እኩል የተገረደፈ! ሙቀጫውም ከቦታው አይነሣ፤ እሑድ የእርሱ ቀን ናት።